ተከሳሹ በቀጠሮው ቀን ሳይመጣ ሲቀር

የተከሳሹ ስም ተጠራ። ዝም። ደግሞ ተጠራ። አሁንም ዝም። ከፊት የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ። ውስጤ ሞቅ አለ። «አልመጣም፤ በቃ አሸነፍኩ» አልኩ በልቤ።

ዳኛዋ መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረጉና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «መጥሪያውን ለማን ነው የሰጡት?»

«ለሕንፃው ጥበቃ» አልኩ።

«ለተከሳሹ ስለመድረሱ ማረጋገጫ የለም» አሉ። ሁለተኛ መጥሪያ ታዘዘ። ቀጠሮው ሁለት ወር ተገፋ። ከችሎቱ ስወጣ እግሬ ከበደኝ።

መጋረጃ እሰፋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና ያለው ትንሽ ቤት አለኝ። በ2014 ዓ.ም. አንድ ሰው አዲስ ለከፈተው ፔንሲዮን የ31 መስኮት መጋረጃ አዘዘኝ። ዋጋው 130,000 ብር ነበር። ግማሹን ቀብድ ከፈለ። ቀሪውን 65,000 ብር መጋረጃው በተሰቀለ በ15 ቀን ውስጥ እንደሚከፍል ውሉ ላይ ፈረመ። ሰቀልንለት። መጀመሪያ ዛሬ ነገ አለኝ። ቀጥሎ ስልክ ማንሳት ተወ። ያ ገንዘብ ለእኔ የጨርቅ ነጋዴ ዕዳ ነው፣ አብረውኝ የሚሠሩ የሁለት ልጆች ደመወዝ ነው። በኅዳር 2015 ከሰስኩት።

ጠበቃ አልያዝኩም። ክሱን ራፖር ጸሐፊ ጋ አስጻፍኩ፤ ክርክሩን ግን ራሴ ቆሜ ተከራከርኩ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንደ ሕግ ባለሙያ ሳይሆን መንገዱን በእግሩ እንደሄደ ሰው ነው። ጉዳያችሁ ከበድ ያለ ከሆነ ባለሙያ አማክሩ። ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል። የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። ማፈር አያስፈልግም፤ እኔም ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄአለሁ።

ሕጉ በአጭሩ

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። ሰው በቀጠሮ ቀን ሳይቀርብ ሲቀር ምን እንደሚሆን የሚናገሩት ከቁጥር 69 እስከ 78 ያሉት አሥር ድንጋጌዎች ናቸው። አሥሩንም አንብቧቸው። ሁሉም ተደምረው ጥቂት ገጽ ናቸው፤ ከአንድ ማታ በላይ አይወስዱም።

ሁለታችሁም ካልቀረባችሁ መዝገቡ ይዘጋል። ይህ ቁጥር 69 ነው። እናንተ ብቻ ከቀረባችሁ ወደ ቁጥር 70 ይኬዳል። እዚያ ላይ ደግሞ መልሱ አንድ አይደለም። መጥሪያው ለተከሳሹ በአግባቡ ከደረሰ ክሱ እሱ በሌለበት ይታያል። ስለመድረሱ ማረጋገጫ ከሌለ ሌላ መጥሪያ ይታዘዛል። ደርሶት፣ ግን ለመቅረብ የሚበቃ ጊዜ ካልነበረው ቀጠሮ ይለወጣል። መጥሪያው ሳይደርስ የቀረው በእናንተ ጥፋት ከሆነ መዝገቡ ሊዘጋባችሁ ይችላል።

እንግዲህ ዳኛዋ ለምን ያቺን አንዲት ጥያቄ ብቻ እንደጠየቁኝ ገብቷችኋል። ተከሳሹ አለመምጣቱ ብቻውን ምንም አይናገርም። ለምን አልመጣም? ስለማያውቅ ነው ወይስ እያወቀ? ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህን ነው። ያኔ ቢከፋኝም አሁን ሳስበው ልክ ነው። እኔም ሳላውቅ ተከስሼ፣ ሳልሰማ ቢፈረድብኝ አልወድም።

ስለ ገንዘቡ መጠን አንድ ነገር ልበል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ ቻርተር እስከ 5,000 ብር ያለውን የገንዘብ ክርክር ለማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሰጥቶ ነበር። የእኔ ከዚያ በብዙ ስለሚበልጥ የሄድኩት ወደ ፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁም የዚያን ቤት ልምድ ነው።

መጥሪያው ላይ አትሳሳቱ

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ነው። የእኔም የተበላሸው እዚህ ነው።

ክስ ስትከፍቱ የተከሳሹን አድራሻ ትሞላላችሁ። ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ። እኔ የጻፍኩት የፔንሲዮኑን አድራሻ ብቻ ነበር። ሰውየው ደግሞ እዚያ ብቅ የሚለው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ይህን ሳላጣራ ማክሰኞ ቀን ሄጄ ወረቀቱን ለጥበቃው ሰጠሁት። ጥበቃው ደግ ሰው ነው፤ «እሰጠዋለሁ እህቴ» አለኝ። ሰጠው አልሰጠው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለት ወር የተቃጠለው በዚህ ነው።

እናንተ ከመክሰሳችሁ በፊት ሰውየው የት እንደሚያድር፣ የት እንደሚውል፣ በስንት ሰዓት እንደሚገኝ አጣሩ። ሁለትና ሦስት አድራሻ ካላችሁ ሁሉንም ጻፉ። የምትከሱት ድርጅት ከሆነ ሥራ አስኪያጁ ማን እንደሆነ፣ ድርጅቱ በየትኛው ስም እንደተመዘገበ ከንግድ ፈቃዱ ላይ እዩ። በር ላይ የተሰቀለው ስም እና የተመዘገበው ስም ብዙ ጊዜ አይገጥሙም።

በእኔ ጉዳይ መጥሪያውን ከክሱ ቅጂና ከአባሪዎቹ ጋር ተቀብዬ ያደረስኩት ራሴ ነኝ። ተከሳሹ የራሱን ቅጂ ይወስዳል። በሌላው ላይ ደግሞ መቀበሉን ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይፈርማል። ያ የተፈረመበት ወረቀት ወደ መዝገቡ ይመለሳል። ያቺ ወረቀት ናት በቀጠሮው ቀን የምታወራላችሁ።

ሁለተኛውን መጥሪያ ይዤ የሄድኩት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ብቻዬን አልሄድኩም። ጎረቤቴ ያለውን የሱቅ ባለቤትና አንድ የማውቀውን ባለታክሲ አስከትዬ ሄድኩ። ሠራተኞቼን ያልወሰድኩት አስቤበት ነው። ነገ ምስክር ሲሆኑ «የእሷ ሰዎች ናቸው» እንዲባል አልፈለግኩም። ሰውየው እንግዳ መቀበያው ጋ ቆሟል። ወረቀቱን ዘረጋሁለት። አየው፣ አነበበው፣ መለሰልኝ። «እኔ ምንም ነገር አልፈርምም» አለ። አልተጨቃጨቅኩም። የክሱን ቅጂ ፊቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው፤ ቀጠሮው መጋቢት ላይ ነው» ብዬ ቀኑን ጮክ አድርጌ ነገርኩት።

ከዚያ በሩ ላይ እንደቆምን እዚያው ጻፍኩ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ሰውየው ያለው ቃል፣ አብረውኝ የነበሩት ሰዎች ሙሉ ስም። ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ሄጄ በቃለ መሐላ አረጋግጬ ከመዝገቡ ጋር አያያዝኩት። እንዲህ ያለውን ነገር ለቀጠሮው ቀን አታቆዩት። ዳኛው መዝገቡን ሲገልጥ ቀድሞ እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀው።

ፎቶ ወይም ቪዲዮ ላንሳ ወይ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኔ አላነሳሁም። ጠብ ያስነሳል ብዬ ፈራሁ። ጠብ ይነሳል ብላችሁ የምትሰጉ ከሆነ መጥሪያው በፖሊስ ወይም በፍርድ ቤቱ ሠራተኛ እንዲደርስ ጠይቁ። ወረቀቱን የተቀበለው የቤተሰቡ ሰው ከሆነ ደግሞ ስሙን፣ ዝምድናውን፣ አብሮት የሚኖር መሆን አለመሆኑን ጻፉ። ይበቃል አይበቃም የሚለውን ፍርድ ቤቱ ይመዝነዋል።

ሰውየው ጭራሽ ከጠፋስ? በቁጥር 105 መሠረት መጥሪያው በሌላ መንገድ እንዲደርስ ማመልከት ትችላላችሁ። በሰፊው የሚታወቀው የጋዜጣ ጥሪ ነው። አዲስ ዘመን ላይ የምታዩአቸው የፍርድ ቤት ማስታወቂያዎች አንዳንዶቹ ይኸው ናቸው። ወጪው የእናንተ ነው፤ ደረሰኙን ያዙት፣ ከተፈረደላችሁ በኋላ ወጪና ኪሣራ ስትጠይቁ ይገባል። የወጣበት ጋዜጣም ለመዝገቡ ይቀርባል። ነገር ግን አድራሻውን እያወቃችሁ «አላውቅም» ብላችሁ ወደ ጋዜጣ አትሩጡ። አንደኛ ውሸት ነው። ሁለተኛ ደግሞ ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ሰውየው መጥቶ «አድራሻዬን ታውቃለች፤ ሆን ብላ ደበቀች» ቢል የደከማችሁበት ሁሉ ይናዳል። እንዴት እንደሚናድ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከቀጠሮው በፊት ያለችው ማታ

ይህን በደማቁ አስምሩበት። ከቀጠሮዬ በፊት ባለው ማታ ስልኬ ጠራ። ለወራት ስልክ ያላነሳው ሰውዬ ነው። ድምፁ ማር ሆኗል። «እህቴ፣ ለምን ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት እንንገላታለን? ሽማግሌ ይዤ ቅዳሜ እመጣለሁ። ነገ አንቺም አትሂጂ፣ እኔም አልሄድም» አለኝ።

ልቤ ራርቶ ነበር። ሽማግሌ የተባለ ነገር እንደሆነ አይናቅም። ግን የቁጥር 73ን ነገር አንብቤ ነበር። ከሳሽ ሳይቀርብ ተከሳሹ ብቻ ከቀረበና ዕዳውን ካላመነ ክሱ ይሰረዛል። በቁጥር 74 ደግሞ በዚያው ጉዳይ እንደገና አዲስ ክስ ማቅረብ አይቻልም። የሚቀረው በአንድ ወር ውስጥ በቂ ምክንያት አቅርቦ መዝገቡ እንዲከፈት መለመን ነው። «ሽማግሌ ሊልክ ነበር» የሚለው በቂ ምክንያት ይሆንልኛል ብዬ አላመንኩም።

ስለዚህ «ሽማግሌውን እቀበላለሁ፤ ነገ ግን ችሎት እንገናኝና ለመታረቅ ቀጠሮ አብረን እንጠይቅ» አልኩት። ስልኩን ዘጋው። እናንተም እንዲሁ በሉ። እርቅ መልካም ነው፤ ፍርድ ቤቱም ቢሆን ግራ ቀኙ ተስማምተው ቢመጡ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ስምምነቱ ተጽፎ መዝገብ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ቀጠሮ አትቅሩ።

ችሎት ላይ

በጠዋት ድረሱ። ቀጠሮው 3 ሰዓት ከሆነ 2 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ሁኑ። የመዝገብ ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ በስማችሁ ከመፈለግ በቁጥር መፈለግ ይቀላል። ችሎቱ ሊቀየር ስለሚችል በር ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር እዩ፣ ሠራተኞቹን ጠይቁ። እኔ ከነበርኩበት ችሎት አንዲት እናት ማዶ ባለው ክፍል ሁለት ሰዓት ተቀምጠው ስማቸው እዚህ ተጠርቶ ሲያልፍ አይቻለሁ። ስማችሁ እስኪጠራ ድረስ ለቡናም ለስልክም አትውጡ።

ስትጠሩ አጭር ተናገሩ። እኔ ከቤቴ አጥንቼው የሄድኩት ይህን ነው፦ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ መጥሪያው ለተከሳሹ በአካል ደርሶታል። ለመፈረም ፈቃደኛ ባለመሆኑ በቃለ መሐላ የተደገፈ ማረጋገጫ አቅርቤአለሁ። ተከሳሹ ስላልቀረበ በቁጥር 70(ሀ) መሠረት ክሱ በሌለበት እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ።» የሰውየውን ክፋት፣ የማታውን ስልክ፣ የደረሰብኝን እንግልት አልዘረዘርኩም። ዳኛዋ ማረጋገጫውን አነበቡ። ከመጡት ሁለት ምስክሮቼ አንዱን ስለ መጥሪያው ሁለት ጥያቄ ጠየቁት። ከዚያ «ክሱ ተከሳሹ በሌለበት እንዲታይ ታዟል» አሉ።

አንዳንዴ ተከሳሹ ራሱ አይመጣም፤ ወንድሙን ወይም ሠራተኛውን ይልካል። የተላከው ሰው ተከሳሹን ወክሎ ለመከራከር በሕግ የሚፈቀድለትና ውክልና ያለው መሆን አለበት። እንዲያው «ታሟል ብለህ ንገርልኝ» ተብሎ የመጣ ሰው ተከሳሹን ሆኖ አይቆጠርም። ግን እዚያ ላይ አትፍጠኑ። ሰው እውነትም ሊታመም ይችላል። የሐኪም ማስረጃ ይዞ ከመጣ ዳኛው ቀጠሮ ይለውጣል፤ መቃወም የሚያተርፋችሁ ነገር የለም። የሐኪም ወረቀት ከሌለ ግን በትሕትና «ማስረጃ አልቀረበም» ማለት መብታችሁ ነው።

በሌለበት ታየ ማለት አሸነፋችሁ ማለት አይደለም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ተከሳሹ በሌለበት ይታይ ተባለ ማለት የሚከራከራችሁ ሰው የለም ማለት ነው። የማስረዳት ሸክሙ ግን አሁንም እናንተ ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ ውላችሁን ያነባል፣ ምስክራችሁን ይሰማል፣ ሒሳባችሁን ያያል። ካልበቃው ክሱን ውድቅ ያደርገዋል።

የጎረቤቴን ነገር ልንገራችሁ። ትልቅ ሴት ናቸው። ለዘመዳቸው 40,000 ብር አበደሩ። እጅ በእጅ፣ ሁለት ሰው እያየ። ወረቀት የለም። ዘመድ ነው፣ ማን ያስፈርማል? ሰውየው ሲክዳቸው ከሰሱት። መጥሪያ ፈርሞ ተቀበለ፤ ግን አልቀረበም። እሳቸውም እንደ እኔ «በቃ» አሉ። ሁለቱ ምስክሮች ተዘጋጁ። ክሱ ወደቀ።

ምክንያቱ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚሰጥ እምነት (ተበዳሪው ራሱ «ወስጃለሁ» ብሎ ሲያምን) ወይም መሐላ ብቻ ነው። ምስክር ስንት ቢሆን አይረዳም። ቁጥሩ 500 ብር ሲባል ዛሬ ያስገርማል፤ ግን የተጻፈው እንዲህ ነው። እስቲ አስቡት። ሰውየው ቀርቦ ቢሆን ኖሮ በዳኛ ፊት ዓይናቸውን እያየ «አዎ ወስጃለሁ» ሊል ይችል ነበር። ለእሳቸው የተከሳሹ መቅረት ጥቅም ሳይሆን ጉዳት ሆነ። ያን ቀን አብሬአቸው ነበርኩ። ሲወጡ ምንም አልተናገሩም፤ ነጠላቸውን ብቻ አስተካከሉ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ የእናንተ ጉዳይ ብድር ከሆነና ወረቀት ከሌላችሁ ተከሳሹ እንዲቀርብ ነው መጣር ያለባችሁ። ብድር ያልሆነ፣ እንደ እኔ የሥራ ውል ወይም ሽያጭ ከሆነ ማስረጃው ሰፋ ይላል። እኔ ያቀረብኩት የተፈረመ ውል፣ መጋረጃው ሲሰቀል የተፈረመ የርክክብ ወረቀት፣ የቀብዱ የባንክ ደረሰኝ፣ «በሚቀጥለው ሳምንት እከፍላለሁ» ያለበት የቴሌግራም መልእክት ኅትመት ነው። ከዚያ በተጨማሪ መጋረጃውን የሰቀለው ልጅ መሰከረ። ዋናውን ሰነድ ይዛችሁ ቅረቡ፤ ፎቶ ኮፒው መዝገቡ ውስጥ ቢኖርም ዳኛው ከዋናው ጋር ማመሳከር ሊፈልግ ይችላል።

የጠየቃችሁት ነገርም ልክ ይሁን። እኔ 65,000 ብሩን፣ በሕግ የተቀመጠውን በዓመት 9 በመቶ ወለድ፣ ወጪና ኪሣራ ጠየቅኩ። የ65,000 ብር የዓመት ወለድ 5,850 ብር ነው። ራፖር ጸሐፊው «የሞራል ካሳ ጨምሪበት» ብሎኝ ነበር። አልጨመርኩም። በሌለ ሰው ላይ የተጋነነ ነገር መጠየቅ ዳኛውን እንዲጠራጠር ያደርገዋል ብዬ አምናለሁ።

በእጃችሁ ቼክ ወይም መጠኑ በግልጽ የተጻፈ የዕዳ ሰነድ ካለ ደግሞ ሌላም መንገድ አለ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 ላይ ያለው አጭር ሥነ ሥርዓት ነው። እዚያ ተከሳሹ ለመከራከር መጀመሪያ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ካልጠየቀ ፍርድ ቶሎ ይሰጣል። ክሱን ከመጻፋችሁ በፊት ስለሱ ጠይቁ፤ እኔ የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ዘግይቶ ብቅ ሲል

ምስክር ሊሰማ በተቀጠረበት ቀን ሰውየው መጣ። ሱፍ ለብሶ፣ ፋይል ይዞ። ደነገጥኩ። ግን ሕጉ ይህንንም አስቦበታል። በቁጥር 72 መሠረት ክሱ በሌለበት እንዲታይ ከታዘዘ በኋላ በሚቀጥለው ቀጠሮ የመጣ ተከሳሽ ለቀደመው መቅረቱ በቂ ምክንያት ካቀረበ ወደ ክርክሩ ሊገባ ይችላል። ፍርድ ቤቱም ወጪ እንዲከፍል ወይም ሌላ ነገር እንዲፈጽም ሊያዘው ይችላል።

«ክፍለ ሀገር ነበርኩ» አለ። ዳኛዋ ማስረጃ ጠየቁት። የለውም። እኔ እንድናገር ሲፈቀድልኝ ከቀጠሮው በፊት ባለው ማታ ስልክ ደውሎልኝ እንደነበር፣ ስለ ቀጠሮውም በስልኩ እንዳነሳ ተናገርኩ። የጥሪ ዝርዝሩን ስልኬ ላይ አሳየሁ። ጥያቄው አልተፈቀደለትም። ተቀምጦ ሰማ።

እንዲህ ሲገጥማችሁ በቂ ምክንያት ካቀረበ አትናደዱ። «ይግባ፤ ግን ለዛሬው ምስክሮቼ የትራንስፖርትና የዋሉበት ወጪ ይከፈለኝ» ማለት ትችላላችሁ። እንዲያውም ሁለቱም ተሰምተው የተሰጠ ፍርድ በኋላ ሲፈጸም አይንገዳገድም።

ፍርዱ ሲሰጥ

ፍርዱ የተሰጠው ሰኔ ላይ ነው። ደስ አለኝ፤ ግን አሁንም አላለቀም ነበር። ቁጥር 78 አለ። በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ ፍርዱ እንዲነሳለት ለዚያው ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። መጥሪያ በአግባቡ እንዳልደረሰው ወይም በበቂ ምክንያት መቅረብ እንዳልቻለ ካስረዳ ፍርዱ ይነሳል። ክርክሩ እንደ አዲስ ይጀመራል። ያልኳችሁ የሚናደው እንዲህ ነው።

ልብ በሉ፤ ወሩ የሚቆጠረው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን አይደለም፣ ካወቀበት ቀን ነው። ስለዚህ «ጉዳዩን ይርሳው» ብላችሁ ዝም አትበሉ። ያወቀበት ቀን በማስረጃ የሚታይ ይሁን። እኔ የፍርዱን ግልባጭ እንዳገኘሁ የአፈጻጸም መዝገብ ከፈትኩ። የአፈጻጸሙን መጥሪያ ቅዳሜ ጠዋት ወሰድኩለት፤ ይህን ጊዜ ፈረመ። ወሩ ከዚያች ፊርማ ወዲህ መቁጠር ጀመረ።

አመለከተ። «መጥሪያ አልደረሰኝም» አለ። ስለ ማመልከቻው እኔ ሳልጠየቅ ፍርዱ አይነሳምና መልስ እንድሰጥ ታዘዝኩ። መልሴ አንድ ገጽ አልሞላም። ያቺ ቅዳሜ በር ላይ ቆሜ የጻፍኳት ማስታወሻ፣ ቃለ መሐላው፣ የሁለቱ ሰዎች ስም። በዚያ ላይ ራሱ ተገኝቶ «ክፍለ ሀገር ነበርኩ» ያለበት የችሎት መዝገብ አለ። ያኔ መጥሪያ አልደረሰኝም አላለም። ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። ሁለተኛውን መጥሪያ እንደ መጀመሪያው ለጥበቃው ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ወራት ወደ ዜሮ ይመለስ ነበር።

ማመልከቻ ማስገባቱ ብቻውን አፈጻጸሙን አያቆመውም። የሚያቆመው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ስለዚህ «አመልክቷል» ሲባል እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ፤ እግድ መታዘዝ አለመታዘዙን መዝገቡ ላይ እዩ።

ገንዘቡ እጅ እስኪገባ

ፍርድ ወረቀት ነው። ወደ ገንዘብ የሚለውጠው አፈጻጸም ነው። የባለዕዳውን ንብረት ፈልጎ የሚጠቁመው ደግሞ በአብዛኛው የፍርድ ባለመብቱ ነው። የት ባንክ ሒሳብ አለው? መኪና አለው? ታርጋው ስንት ነው? ደመወዝ ይከፈለዋል? እኔን ያዳነኝ የቀብዱ ደረሰኝ ነው። 65,000 ብሩን ሲያስተላልፍልኝ የላከበት የሒሳብ ቁጥር እዚያ ላይ ነበር። ፍርድ ቤቱ ለባንኩ ደብዳቤ ጻፈ። ሒሳቡ ላይ 22,000 ብር ተገኘና ታገደ። ማንኛውንም የክፍያ ደረሰኝ አትጣሉ የምለው ለዚህ ነው።

ሁሉም ነገር አይያዝም። ሰውየው የሚሠራበት መሣሪያ፣ የሚተኛበት አልጋ፣ ለቤተሰቡ ቀለብ የሚያስፈልገው በሕግ የተጠበቀ ነው። ደመወዝ ሲያዝም በአንድ ጊዜ ከአንድ ሦስተኛው አይበልጥም። ሰውየው ምንም ከሌለው ደግሞ ፍርዱ በማግስቱ አይሞትም። አፈጻጸም ለመጠየቅ 10 ዓመት አላችሁ።

በክረምት ፍርድ ቤቶች ዕረፍት ይወጣሉና ሐምሌና መስከረም መካከል ለሚወድቅ ነገር ቀድማችሁ አስቡ። የእኔ መዝገብ እስከ ጥቅምት ተኝቶ ከረመ።

በኅዳር 2016 ሰውየው በሦስት ጊዜ ለመክፈል ጠየቀ። ተስማማሁ። ግን ስምምነቱን ጽፈን፣ ሁለታችንም ፈርመን፣ አፈጻጸሙ ላይ አስመዘገብነው። ክፍያውም በባንክ እንዲሆን አደረግኩ። ከፍርድ ቤት ውጭ በእጅ የተከፈለ ገንዘብ ካለ ለፍርድ ቤቱ አሳውቁ፤ አለዚያ ነገ «ከፍያለሁ» «አልከፈልክም» የሚል ሌላ ክርክር ይከፈታል።

ሦስተኛው ክፍያ በየካቲት ገባ። በማግስቱ የባንኩን ወረቀት ይዤ ሄጄ መዝገቡ እንዲዘጋና ሒሳቡ ላይ ያለው እግድ እንዲነሳለት አመለከትኩ።